የአባትህ ጽዋ አሁንም አለ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ቀድሞ እንደጠፋ አንነታረክ፤ ይልቅ የአገር ቤት ወሬ ልንገርህ።

ለኅዳር ጽዮን ደቡብ ጎንደር ወርጄ ነበር። ደብራችንን ማርያምን ብታያት አታውቃትም! ደኑ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ትዝ ይልሃል፣ ከብቶቻችን እስከ ደጀ ሰላሙ እየገቡ ነበር የሚግጡት። የወይራና የጽድ ችግኝ ብቅ ከማለቱ ይቀጥፉታል። ሽማግሌ ዛፍ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ተተኪ የሌለው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት የደከሙበትን የካብ ሥራ የእኛዎቹም አይተው ነው የተነሱት። ድንጋዩን ከየማሳቸው ለቀሙት። ማረሻው እፎይ አለ፣ ደኑም አጥር አገኘ። አሁን ከትልቁ ወይራ ሥር ጉልበት የሚደርስ ችግኝ ተርመስምሷል። ጉሬዛው እንደ ድሮው ከላይ ሆኖ ይታዘበናል።

አንተ «መሬቷ ከተወረሰ ወዲያ ደብሯ አለቀላት» ትል ነበር። እኔ አልስማማም። እርግጥ «ሲሶ ለቀዳሽ» የሚባለው የቤተ ክርስቲያን የመሬት ድርሻ በየካቲት 1967 በመሬት አዋጁ አክትሟል። ግን የሰበካ መተዳደሪያ ደንቡ ቃለ ዓዋዲ ቀድሞ በ1965፣ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ ወጥቷል። ካህን፣ ምእመንና ወጣት ተመርጠው ደብሩን የሚያስተዳድሩበት ሰበካ ጉባኤ ለክፉ ቀን ደረሰ። የእኛ ቄሶች ደግሞ ድሮም ሞፈር ጨባጭ ናቸው፤ ቀድሰው ሲወጡ በሬ ይጠምዳሉ። ዛሬ ቆርቆሮው ሲያፈስ የሚያዋጣው ያው አባሉ ነው። ጭቅጭቅ የለም አልልህም። የሒሳብ ስብሰባ ላይማ ቁጭ ብለህ ብትሰማ!

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ገባን። በኮባ የተጋገረው ድፎ ገና ይተናል። የቆሎ ተማሪዎቹ ለምዳቸውን ለብሰው በር ላይ ቁራሽ ይጠብቃሉ። ቄሰ ገበዙ ባረኩ፣ ጠላው ዞረ። ከዚያ የማኅበሩ መሪ ሙሴው የጽዋ ተረኞችን ሲጠራ የአባትህን ስም አነሳ። ካረፉ ይሄን ያህል ጊዜ ሆኖ እንኳ ጽዋቸውን አልሰረዙትም። «ልጅ አላቸው» አሉ፣ አለቀ።

ተራችሁ ለግንቦት 21 ነው። እናትህ ጉልበታቸውን እያመማቸው ስለሆነ መጥመቅ አይችሉም። ትመጣለህ ወይስ እህቶቼ ይጥመቁልህ? ጌሾ ሳይወደድ ቶሎ አሳውቀኝ።

ወንድምህ