ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ጠበሉና ስለ ኩላሊት እጥበቱ

ውድ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽን ለሰባት ቀን ሱባኤ ጠበል ልታስገቢው ማሰብሽን አልነቅፍም። ግን እሱ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ሆስፒታል ደሙ በማሽን የሚታጠብለት ሰው ነው። ሰባት ቀን ሲቀር ሦስት እጥበት አለፈው ማለት ነው። ኩላሊቱ ማስወጣት ያቃተው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ልብን በድንገት ያቆማል። ስለዚህ ሱባኤውን ቤታችሁ ያዙ፤ ጠበል የምትሄዱት በማይታጠብበት ቀን ይሁን።

«መድኃኒት ከያዘ ጠበሉ አይሠራም» የሚልሽ አይጠፋም። ሲራክ 38ን አንብቢለት፤ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ሕዝቅያስ አልቅሶ ጸልዮ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ ኢሳይያስ ግን እባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲለጥፉለትም አዟል። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ለኤችአይቪ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ ተናግረዋል። ከዚህ ወዲያ መድኃኒት አስጥሎ የሚያጠምቅ ሰው ቢመጣ፣ አልፈሽው ሂጂ።

ጠበሉን በሊትር አይጠጣ። ሽንቱ ለቀነሰ ታማሚ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚፈቅዱት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ነው፤ ሻዩም ሾርባውም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ከዚያ ያለፈው ውኃ ሳንባው ላይ ይወጣና ያፍነዋል። በትንሽ የቡና ስኒ ይቅመስ፣ አንቺም ከዕለቱ መጠን ላይ ቀንሺለት። ጠዋት ጠዋት መዝኚው፤ በአንድ ቀን የጨመረ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ውኃ ነው።

ደሙ ለእጥበት የሚወጣበት ቱቦ፣ ካቴተሩ፣ አንገቱ ላይ እስካለ ድረስ ጠበሉ ከራሱ ላይ አይፈሰስበት። ፋሻው ከረጠበ ጀርም በቱቦው በኩል በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ለካህኑ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ እግሩን ይታጠብ፣ ፊቱን በእርጥብ እጅ ይዳሰስ። ብርድ ብርድ ብሎት ቢንቀጠቀጥ «መንፈሱ ተነሣ» የሚል ሰው ይኖራል። አትስሚው! ትኩሳቱን ለኪ፣ የእጥበት ቀኑን ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጂው። ወደፊት ክንዱ ላይ ፊስቱላ፣ ማለትም ለእጥበት ተብሎ በቀዶ ጥገና የሚገናኝ የደም ሥር፣ ሲሠራለት ደግሞ በዚያ እጁ መቁጠሪያ አይጠምጥም።

ጾሙን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ፍትሐ ነገሥትም በሽተኛን አያስገድድም። የጾም ምግብ ጥሩ ነው ብለሽ ድንች፣ ቲማቲም፣ ምስርና ሙዝ ስታበዢበት ያው ፖታሲየም ነው። እጥበቱ ፕሮቲን ስለሚወስድበት እንቁላል ያስፈልገዋል።

የእጥበቱን አራት ሰዓት ዳዊት ይዘሽለት ግቢ። የረቡዕ ድርሻ ከ61 እስከ 80 ነው፤ ረጋ ብለሽ ብታነቢው እንኳ ያልቃል። የዓርቡ ውስጥ 118ኛው አለ፣ ረጅም ነው፣ ግን በ22 ክፍል ስለተከፈለ ሲደክመው ማቋረጥ ይመቻል። እግሩን ቁርጠት ከያዘው ወይም ካላበው ግፊቱ ወርዶ ይሆናልና ዳዊቱን አጥፈሽ ነርሷን ጥሪ።

ሐሙስ ላይ 87ኛውን ታገኛለሽ። ከዳር እስከ ዳር ሰቆቃ ነው፤ ሌሎቹ ዘንድ እንደምናየው መጨረሻው ወደ ምስጋና አይዞርም። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ጸሎት ሳታወጣ በየሳምንቱ ታስደግመናለች። እምነት ጎደለኝ ብለሽ እንባሽን አትደብቂበት። ሐዋርያው ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ የሥጋው መውጊያ አልተነሣለትም፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው የተባለው። የጎደለ እምነት ስለነበረው አልነበረም። ባለቤትሽም ነገ ካልዳነ የጸሎትሽ ጥፋት አድርገሽ አትቁጠሪው፤ ሌላ ሰውም እንዲያ ሲልሽ ዝም አትበይው።

ቀንዲል፣ ካህናት ለታመመ ሰው ጸልየው ዘይት የሚቀቡበት ምሥጢር፣ እንዲደረግለት ጠይቂ። ሰው ለሚሞት ብቻ ይመስለዋል፤ ያዕቆብ 5፥14 ግን «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር» ነው የሚለው። በእጥበት ዕለት እንዳይሆን፣ ደክሞት ይተኛል። በማግስቱ ጠዋት አድርጉት፤ ዘይቱ ፋሻው አጠገብ እንዳይደርስም ለካህናቱ አሳዪያቸው።