“ይችላል፤ ግን አይጥርም” ከማለታችን በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በመጀመሪያ ደረጃ መምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት በበርካታ ተማሪዎች የውጤት ካርድ ላይ “ይችላል፤ ግን አይጥርም” ብዬ ጽፌአለሁ። ከእነዚህ አንዱ የተነገረውን ተረት አንዲት ነገር ሳያስቀር የሚተርክ፣ የንባብ ተራው ሲደርስ ግን ውሃ ጠማኝ ብሎ የሚወጣ ልጅ ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ አስቀምጬ ሳስነብበው ገጹን ሳይደናቀፍ ወጣው፤ ስዕሉን በእጄ ሸፍኜ ከመካከል አንዲት ቃል ሳመለክተው ግን ዝም አለ። ለካስ ጓደኞቹ ሲያነቡ ሰምቶ ገጹን በቃሉ ይዞት ኖሯል። ይህን ያህል የሚደክም ልጅ አይጥርም መባሉ ምን ያህል በደል እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ከአእምሮ ዝግመትም ሆነ ከስንፍና አይመጣም፤ በአብዛኛው የንግግር ድምፆችን ነጣጥሎ ለመለየትና ከፊደል ጋር ለማዛመድ ከመቸገር የሚመነጭ ሲሆን፣ በዘርም ይተላለፋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን በ1896 እ.ኤ.አ. ማንበብ ስላቃተው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሲጽፍ፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሁሉ በልጦ ይገኝ እንደነበር መምህሩ መመስከሩን ጠቅሷል።

ብዙዎቻችን ምልክቱ ፊደል ገልብጦ መጻፍ ብቻ ይመስለናል፤ ይህ ግን በብዙ ጀማሪ ልጆች ዘንድ የሚታይ ነው። ይልቅስ ልጁ ቤት የሚመቱ ቃላትን መለየት ሲያቅተው፣ ትናንት ያነበባትን ቃል ዛሬ እንደ አዲስ ሲያያት፣ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ አይቶ ቀሪውን ሲገምት፣ አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓይነት አድርጎ ሲጽፍ ልብ ማለት ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። በሚገባ እየተማረ ለወራት ካልተሻሻለ ግን አስቀድሞ ዓይኑንና ጆሮውን ማስመርመር፣ ቀጥሎም በመማር ችግሮች ላይ የሠለጠነ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። “ሲያድግ ይተወዋል” እያሉ መጠበቅ፣ ድምፅንና ፊደልን ደረጃ በደረጃ እያዛመዱ በማስተማር ይበልጥ የሚረዳበትን የልጅነት ጊዜ ማባከን ነው። እስከዚያውም የክፍል ጓደኞቹ ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብ አናስገድደው፤ ለፈተናም ተጨማሪ ጊዜ እንስጠው።

የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው፣ በካርዱ ላይ ስለ ልጁ ጠባይ ከመፍረድ ይልቅ ያየነውን እንድንጽፍ ነው፦ የትኛው ቃል ላይ እንደቆመ፣ ምን ብሎ እንደገመተ፣ ሲነበብለት ምን ያህል እንደተረዳ። ወላጅም ሆነ ባለሙያ መነሻ የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት