ለማሙሽ፣ ስለ ምንሽሩ

ማሙሽዬ፣ እንዴት ነህ? ልጅቷስ? እናትህ ሰላም ናት፣ ሙቀቱ ሲበረታ እግሯ ያብጥባታል እንጂ። ድሬ እንደምታውቃት ናት። ከሰባት ሰዓት በኋላ ከዚራ ዛፎች ስር ካልሆነ ሰው ውጭ አይቆምም።

እሑድ እህትህ ስልኳን ይዛ መጣችና ፎቶውን አሳየችኝ። የጣልያን ምንሽር፣ ካርካኖ የሚሉት። ከኛ አገር መጋዘን ወጥቶ አሜሪካ የተሸጠ ነው፣ ሰደፉ ላይ «ገ» የምትል ፊደል በቢላ ተቀርጻበታለች ብለሃታል። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም። አያትህ በ1933 ጣልያን ሲወጣ ያገኘው ጠመንጃም ያው ነበር። ግን ቀጥላ «ጥይቱንም ራሱ ሊሞላ ዕቃ እየመረጠ ነው» ስትለኝ ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ይኸው ሦስት ሌሊት በእሷ ስልክ ሳነብ አደርኩ።

መጀመሪያ ይቺን ያዝልኝ። ባሩድ በዓይን አይሰፈርም።

ጠመንጃውን ሳትተኩስበት ለባለሙያ ስጠው። ጥይቱ ገብቶ መቀርቀሪያው ሲዘጋ ከኋላ የሚቀረው ክፍተት በመለኪያ ይታያል፣ መለኪያውም ለካርካኖ የተሠራ መሆን አለበት። ሰውየው ደህና ነው ካለህ ፋብሪካ የሞላውን ጥይት ግዛ። ሰርቦቹ፣ ፕርቪ ፓርቲዛን የሚባሉት፣ ይሠሩታል። እሱን ተኩስና ቀለሁን አስቀምጥ፣ በኋላ የምትሞላው እሱን ነው። የድሮውን የወታደር ቀለህ ተወው። ቂጡ ውስጥ ያለው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ነው፣ ለመሙላት አይመችም። አዲሶቹ መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ነው ያላቸው። የድሮ ጥይት ከተኮስክ ደግሞ መለኮሻው ቱቦው ውስጥ ጨው ይተዋል። በዘይት ብቻ አይለቅም፣ በሙቅ ውኃ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ከዚያ ዘይት ቀባው። ስድስት ጥይት የሚይዘውን ክሊፕም አትርሳ፣ ያለሱ የጠመንጃው ጥይት መያዣ አይሠራም።

አረሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «6.5» የሚለው ጽሑፍ እንዳያታልልህ። በዚህ ስም የሚሸጠው ተራ አረር ውፍረቱ 6.71 ሚሊሜትር ነው። የካርካኖ ቱቦ ግን ከቦይ እስከ ቦይ፣ ማለትም ውስጡ ተጠምዝዘው ከተቀረጹት መስመሮች ከአንዱ እስከ ፊት ለፊቱ፣ 6.80 ገደማ ነው። ልዩነቱ ዘጠኝ መቶኛ ሚሊሜትር። ለሌላ ሰው ምንም ነው፣ ዕድሜውን ቶርኖ ላይ ለፈጀ ሰው ግን ገደል ነው። ቀጭኑ አረር ቱቦውን አይሞላውም፣ ጥምዝምዙን በደንብ አይነክስም፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይሄድብሃል። ሆርናዲ የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ለዚሁ ጠመንጃ ብሎ በ0.268 ኢንች፣ ያው 6.80 ገደማ፣ የሚያወጣው አለ፣ ክብደቱ 160 ግሬን፣ ጫፉ ድቡልቡል። የጥንቱ የጣልያን አረር 162 ግሬን ነበር፣ ያው ነው ማለት ይቻላል። የድሮዎቹ ቱቦዎች ጥምዝምዛቸው ከኋላ ላላ ብሎ ይጀምርና ወደ አፈሙዙ እየጠነከረ ይሄዳል። ረጅምና ከባድ አረር ነው የሚስማማቸው።

ግን እኔንም አትመነኝ፣ የራስህን ቱቦ ለካ። ባዶ መሆኑን ሁለቴ እይ። ለስላሳ የእርሳስ ብረት ቁራጭ አስገብተህ በነሐስ ዘንግ ቀስ እያልክ ግፋና አውጣው፣ የወጣውን ለካ። ቦዮቹ አራት ናቸው፣ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ አያስቸግርህም።

አጎትህን ታስታውሰዋለህ። ሳይክል ያስተማረህን፣ ቀኝ ዓይኑ የጠፋውን። የማሽላ አገዳ ወጋኝ ሲል ነው የኖረው፣ ሁላችሁም ያን ነው የምታውቁት። አገዳ አይደለም። እኔ ነኝ።

በ1966 ነው። ምድር ባቡር ወርክሾፕ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። እሱ ደንገጎ ላይ ማሽላውን ዝንጀሮ ጨረሰበት። የአያትህ ምንሽር አለ፣ ጥይቶቹ ግን እርጥበት ገብቷቸው አንዱ ቢተኮስ ሦስቱ ይከሽፋሉ። አንተ የባቡር ሰው አይደለህ፣ አድስልኝ አለኝ። እኔም ኮራሁ። አረሮቹን በሞርሳ ይዤ ነቀልኩና የተበላሸውን ባሩድ ደፋሁት። የሽጉጥ ጥይት ፈልፍዬ የእሱን ባሩድ ሞላሁበት። የሽጉጥ ባሩድ ፈጥኖ እንደሚነድ፣ ለምንሽር እንደማይሆን ማን ነገረኝ? ማንንስ ጠየቅኩ? መስፈሪያዬ የለስላሳ ቆርኪ ነበር። አንዱን ቆርኪ ሙሉ፣ አንዱን ጎደል። በዓይኔ አየሁትና በቂ ነው አልኩ። ውፍረት የምለካበት ማይክሮሜትር ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ሚዛን ደግሞ ወርክሾፑ ሞልቶት ነበር።

ሦስተኛው ጥይት ላይ ቀለሁ ከኋላ ተተረተረ። እሳቱ በመቀርቀሪያው በኩል ተመለሰ። ድምፁ ከሌሎቹ የተለየ አልነበረም፣ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ዞር ስል በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ ተቀምጧል። ሐረር ሆስፒታል እስክንደርስ መኪናው ላይ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አገዳ ነው በል፣ ከሥራ ያባርሩሃል።» ሠላሳ አንድ ዓመት አገዳ ነው እንዳለ ሞተ። ሲቀበርም አልተናገርኩም። ለእናትህ የነገርኳት ትናንት ማታ ነው። ዝም አለችኝ።

አቦ ማሙሽ፣ ባሩድ በዓይን አይሰፈርም።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ጥይት አንድ በአንድ የሚሞላው መጫኛ፣ ፕሬስ የሚሉት፣ ይበቃሃል። በአንድ ዙር ብዙ የሚያወጣው ለጀማሪ አይሆንም። ፕሬሱ ላይ የሚገባው ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰው ቅርጽ፣ ዳዩ፣ «6.5 በ52 ካርካኖ» የሚል ይሁን። ሚዛን ላይ አትቆጥብ፣ ከነመፈተሻ ክብደቱ ግዛው፣ ሁልጊዜ ከመጀመርህ በፊት ፈትሸው። እዚያ የሚጽፉት ግሬን ነው፣ ግራም አይደለም። አንድ ግራም 15.43 ግሬን ነው፣ ሁለቱን ያምታታ ሰው አለቀለት። የባሩዱን ዓይነትና ልክ ከታተመ መጽሐፍ ላይ ውሰድ፣ ከጓደኛ አይደለም። ዝቅተኛው ላይ ጀምር። ጠረጴዛው ላይ አንድ የባሩድ ቆርቆሮ ብቻ ይኑር። አረሩን ከመግጠምህ በፊት ቀለሆቹን ደርድረህ በባትሪ ውስጣቸውን እይ፣ ሁለቴ የተሞላ ከፍ ብሎ ይታይሃል። መነጽር አድርግ። ስልክህን ሌላ ክፍል ተው። ልጅቷ ስትተኛ ብቻ ሥራ፣ ሲደክምህ አትሥራ። ባሩዱንም ጠመንጃውንም ቆልፍባቸው፣ ቁልፉም አንተ ጋ ይሁን።

ለዕረፍት ስትመጣ ደግሞ አንዲት ቀለህ እንኳ ሻንጣህ ውስጥ እንዳትገኝ። በጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 መሠረት እዚህ ይሄ ቀልድ አይደለም።

የአክስትህ ልጅ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች። ማይክሮሜትሩን በእሷ እልክልሃለሁ፣ ያንኑ፣ ፈረንሳዮቹ ፓልመር የሚሉትን። በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ሲዘጋ ዜሮ ላይ አይገጥምም፣ ከዜሮ በላይ ሁለት መቶኛ ያሳያል። ከምታነበው ላይ ሁለቱን ቀንስ። እርሳሱን ስትለካ ቁጥሩን ጻፍልኝ፣ እስከዚያ አንድም አረር እንዳትገዛ።

አባትህ
ድሬዳዋ