«ከአንድ ድሬሰር ጋር» ያላችሁት ሰው አባቴ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ኦጋዴን ጦርነት የአየር ኃይል ጀግኖች ያወጣችሁትን ሙሉ ገጽ አንባቢዎቻችሁ አይተውታል። እኔም አይቼዋለሁ። እናቴም አይታዋለች፤ መነጽሯን አድርጋ፣ በረንዳ ላይ ወጥታ። የምጽፍላችሁ ከፎቶው ሥር ስላለችው አንዲት መስመር ነው። «አራት አብራሪዎች ከአንድ ድሬሰር ጋር፣ ድሬዳዋ፣ 1970 ዓ.ም.» ትላለች።

ያ «አንድ ድሬሰር» ስም አለው። ማዕረግም አለው፤ ሻምበል ነበር። አባቴ ነው።

ድሬሰር መባል ስድብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አባቴ ራሱ በወጣትነቱ ድሬሰር ነበር። መርፌ እየቀቀለ፣ ቁስል እያጠበ ያሳለፈውን ጊዜ ሲያወራ ፊቱ ይበራ ነበር። ሐኪም በማይታሰብበት ዘመን ስንቱን ሰው ያተረፉት ድሬሰሮች ናቸው። አባቴ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። በ1947 ዓ.ም. ወደተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ገብቶ ተማረና ጤና መኮንን ሆነ። ከዚያ ቢሾፍቱ ሄዶ አየር ኃይል ተቀጠረ፤ የጦር መኮንንም ሆነ። ሁለት ጊዜ መኮንን ነው። አንዱን በትምህርት አገኘው፣ ሌላውን በውትድርና። እናንተ ሁለቱንም በአንድ መስመር ወሰዳችሁበት።

የወታደር ልጅ «ማዕረግ መገፈፍ» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቅጣት ነው። ከባድ ጥፋት ያጠፋ ሰው ላይ፣ ተከሶ፣ ተፈርዶበት የሚደርስ ነው። እናቴ ጋዜጣውን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና «ምን አጥፍቶ ነው የገፈፉት?» አለችኝ። 79 ዓመቷ ነው። ምን ብዬ ልመልስላት?

ይበልጥ ያናደደኝ ፎቶውን የሰጠናችሁ እኛው መሆናችን ነው። ጋዜጠኛችሁ ደውሎ ሲለምነኝ እሺ አልኩ። ቱሉ ዲምቱ ድረስ መምጣት ይርቀኛል አለ። ከሥራ አስፈቅጄ፣ ታክሲ ተጋፍቼ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ድረስ ወስጄ ሰጠሁት። ፀሐይ ላይ ቆመን ማን ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሲጽፍ አላየሁም፤ ራሱን ብቻ ይነቀንቅ ነበር። ምንም አይደል፣ ከፎቶው ጀርባ ተጽፏል ብዬ ተጽናናሁ። እናቴ የአምስቱንም ስምና ማዕረግ በእስክሪብቶ ጽፋበታለች። አንድ ፎቶ ገልብጦ ለማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ደግሞስ ፊት ለፊቱን ያየ ሰው ትከሻው ላይ ያሉት ኮከቦች እንዴት አልታዩትም? አንገቱ ላይ የሐኪም ማዳመጫ ስላለ ኮከቡ ይጠፋል?

«ድሬሰርም ሆነ ሻምበል፣ ያው የጤና ሰው ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያው አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ላስረዳ።

ጉንፋን የያዘው አብራሪ ከከፍታ በፍጥነት ሲወርድ የጆሮው ግፊት አይስተካከልም። ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል። ኤፍ 5 የተባለውን ተዋጊ ጄት ይዞ በኃይል ሲታጠፍ ደግሞ ሰውነቱ አምስትና ስድስት እጥፍ ይከብደዋል። ደሙ ወደ እግሩ ይሸሻል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ሌሊቱን በተቅማጥ ያደረ፣ ውኃ ከሰውነቱ ያለቀበት ሰው ይህን አይችለውም። ግን የትኛው አብራሪ ነው ጓደኞቹ እየተዋጉ «አሞኛል፣ ልተኛ» የሚለው? ይደብቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ዓይን ዓይኑን አይቶ «ዛሬ አትበርም» ማለት አለበት። ያ ሰው ቃሉ የሚከበር መኮንን ካልሆነ ማን ይሰማዋል? አባቴ በዚያ ጦርነት ብዙ ጊዜ «አትበርም» ብሏል። ተሰድቦበታል። አንዱ ወዳጁ ሁለት ሳምንት አኩርፎታል።

ቁስለኛ ማመላለስም ሌላው ሥራው ነበር። ደጋግሞ የሚያነሳት አንዲት በረራ አለች። ኅዳር 1970 ነው። ከሐረር ግንባር የመጡ ቁስለኞች ከድሬዳዋ ወደ ቢሾፍቱ ዳኮታ በሚባለው የማመላለሻ አውሮፕላን ይጫናሉ። ከመካከላቸው አንድ ልጅ እግር ደረቱን ተመትቷል። አየር በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል ገብቷል። ዳኮታ ደግሞ የውስጡ አየር እንደ ዛሬው የመንገደኛ አውሮፕላን አይመጠንም። ከፍ ባለ ቁጥር የውጩ ግፊት ይቀንሳል፣ ደረት ውስጥ የታፈነው አየርም ይለጠጣል። 18,000 ጫማ ላይ በባሕር ጠለል ከነበረው እጥፍ ይሆናል። ዳኮታው ያን ያህል ባይወጣም፣ ለተበሳ ደረት ከዚያ በጣም ያነሰውም ይበቃዋል። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው የከፍታውን ስስ አየርም አይችለውም።

አብራሪው ከፍ ብሎ በጨርጨር ተራሮች ላይ ማለፍ ፈለገ። አባቴ «የለም፣ የባቡር ሐዲዱን ተከትለን በአዋሽ በኩል ዝቅ ብለን እንሂድ» አለው። አብራሪው ሻለቃ ነው፤ በማዕረግ ይበልጠዋል። ተከራከሩ። በመጨረሻ ሻለቃው ሰማው። በሚኤሶ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ አድርገው ቢሾፍቱ ገቡ። አባቴ መንገዱን ሁሉ ተንበርክኮ የልጁን እስትንፋስ ሲቆጥር ነበር። ልጁ በሕይወት ቢሾፍቱ ደረሰ። በኋላ ምን እንደሆነ አባቴ አላወቀም፤ አስረክቦ በዚያው አውሮፕላን ተመልሷልና። እስኪሞት ድረስ ግን ያ ልጅ ይከነክነው ነበር።

እናንተ አብራሪዎቹን አመስግናችኋል። ይገባቸዋል። እንደ ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ያሉ ሰዎች አውሮፕላናቸው ተመትቶ ሶማሊያ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ታስረዋል። እኛ ቤት ስማቸው በአክብሮት ነው የሚነሳው። ስለ ስዊድናዊው ካውንት ቮን ሮዘንም ጥሩ አንቀጽ ጽፋችኋል። አየር ኃይላችንን ከጣሊያን በኋላ እንዳቋቋሙ፣ ሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ እንደሞቱ። ግን እኚሁ ሰው በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን መጀመሪያ የመጡት የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ለማብረር ነበር። እሱን ዘለላችሁት። በእሳቸውም ታሪክ ቢሆን የጤናው ነገር ነው የተቆረጠው።

ጋዜጠኛችሁ ከቃሊቲ ወዲህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ብዙ ያገኝ ነበር። አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ዱከም የቀድሞ አየር ኃይል ቤተሰብ ሞልቷል። መካኒኩ አለ። ቦምብ ጫኙ አለ። ሬዲዮ ኦፕሬተሩ አለ። ፓራሹት የሚያጥፈው ጎረቤታችን ጣቶቹ አርጅተው እንኳ አንሶላ ሲያጥፍ ታውቁታላችሁ። አንዳቸውንም አልጠየቃችሁም። በሙሉው ገጽ ላይ መሬት ላይ የቆመ ሰው ቢኖር አባቴ ብቻ ነው፤ እሱንም በስሙ አልጠራችሁትም።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አባቴ ባዶ እጁን ነው ቢሾፍቱን የለቀቀው። አቃቂ መጥተን ሁለት ክፍል ተከራየን። ለጡረታው ማስረጃ ፍለጋ ስንት ዓመት ተመላለሰ። አንዱ ቢሮ «ጤና መኮንን ሲቪል ነው፣ ወደ ጤናዎቹ ሂድ» ይለዋል። ሌላው ቢሮ «ዩኒፎርም ለብሰሃል፣ ወደ ጦሩ ሂድ» ይለዋል። ጫማው እስኪያልቅ። ሁለት ጊዜ መኮንን የሆነ ሰው ከሁለቱም መዝገብ ጠፋ። እሱ ግን ሠፈሩን ማከም አላቆመም። አዋቂዎቹ «ሻምበል» ይሉት ነበር፣ ልጆቹ «ዶክተር»። የዛሬ 6 ዓመት ሲያርፍ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በሌሊት እየዞረ «ሻምበል ዶክተር አርፈዋል» እያለ ነው የለፈፈው። ያ ሰው ማንበብና መጻፍ አይችልም። ግን አልተሳሳተም።

ለዚህ ነው አንዲቷ መስመር ያመመችን። መዝገብ ቤቶቹ ሲረሱት ለምደነዋል። ጋዜጣ ግን ተቀምጦ የሚነበብ ነው፤ የልጅ ልጆቹ ነገ ያገኙታል።

የምንጠይቃችሁ እርማት ነው፤ በትንሽ ፊደል ከማስታወቂያ ሥር ተደብቆ ሳይሆን እዚያው ገጽ ላይ፣ ከዚያው ፎቶ ጋር። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «አራት አብራሪዎች ከሻምበሉ ጤና መኮንን ጋር»፤ ስሙንም ጨምሩ፤ ከፎቶው ጀርባ ላይ ታገኙታላችሁ። ፎቶውንም መልሱልን። ሦስት ጊዜ ደውዬ «ነገ» ተብያለሁ። ሌላ ቅጂ የለንም፣ ጀርባው ላይም የእናቴ የእጅ ጽሑፍ አለ።

የሻምበሉ ልጅ
ከቱሉ ዲምቱ