የመጠጥ ቤት መዝጊያ ሰዓት ለሁላችንም እኩል ይሁን

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ውስጥ ግሮሰሪ አለኝ። ልጆቼን የማሳድገው ቢራና አረቄ ሸጬ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለሁሉም መጠጥ ቤት አንድ ዓይነት የመዝጊያ ሰዓት እንዲወሰን፣ ሰዓቱም የምር እንዲከበር ለመጠየቅ ነው። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ። ግን ጠቡን በቅርብ የምናየው እኛ ነን። ፖሊስ እስኪመጣ መሀል የምንገባው እኛ ነን።

ጠብ አመሻሽ ላይ ብዙም አይነሳም። ሰው ከሥራ ወጥቶ ሁለት ሦስት ይጠጣል፣ ኳስ ያያል፣ ይጫወታል፣ ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። አንዱ ቤት ሲዘጋ ጠጪው ክፍት ወደሆነው ይሰበሰባል። ሲገባ ሞቅ ብሎታል። የሚቀመጠው ከማያውቃቸው ሰዎች ጎን ነው። አንዱ "ምን ታፈጣለህ?" ይላል፣ ሌላው "ሂሳብ ተጨመረብኝ" ይላል፣ ሦስተኛው አስተናጋጇን እጇን ይዞ ይጎትታል። ከዚያ ጠርሙስ ይነሳል። እኔ ቤት ገላግለናቸው ወጥተው መንገድ ላይ የተፈነካከቱ አሉ።

"ታዲያ አንተ ለምን በጊዜ አትዘጋም?" ትሉኝ ይሆናል። ብቻዬን ስዘጋ ደንበኛዬ ተነስቶ ማዶ ወዳለው ቤት ይሄዳል። በማግስቱ ደግሞ ከጅምሩ እዚያው ይቀመጣል። እኔ ገበያዬን አጣለሁ፣ ጠቡ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀረም። ለዚህ ነው የአንድ ሰው ቅንነት የማይበቃው።

ይህን የሞከሩ ከተሞች አሉ። ብራዚል ውስጥ፣ ሳኦ ፓውሎ አጠገብ፣ ዲያዴማ የምትባል የፋብሪካ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1999 ከ100,000 ሰው 103 ያህል የሚገደልባት ከተማ ነበረች። አስተዳደሩ መረጃውን ሲያገላብጥ ከግማሽ በላይ የሆነው ግድያ የሚፈጸመው ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ብዙው ደግሞ መጠጥ ቤት ውስጥ ወይም አካባቢው ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2002 ጀምሮ በእነዚያ ሰዓታት አልኮል መሸጥ ተከለከለ። በኋላ የተሠራ ጥናት ሕጉ በወር ወደ 9 የሚጠጋ ግድያ እንዳስቀረ ገምቷል። በወር ዘጠኝ ሰው!

እኔን የማረከኝ ግን አሠራራቸው ነው። አንድ ቀን ተነስተው በር አላሸጉም። ሕጉ ከመጀመሩ በፊት ወራት ወስደው ለሕዝቡም ለባለቤቶቹም አስረዱ። የከተማው ጥበቃዎች ሌሊት ሌሊት እየዞሩ ያያሉ። የጣሰ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ገንዘብ ይቀጣል፣ እየደጋገመ ከሄደ ፈቃዱን ያጣል። እኛ አገር ሕጉ ይውጣና አፈጻጸሙ እንዲህ ግልጽ ካልሆነ፣ ሌሊት በር እያንኳኩ ኪስ የሚሞሉ ሰዎች መተዳደሪያ ይሆናል። ይህን ስጋት አጋንኜ አይደለም የማነሳው። ሥራው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

"ገበያው ወደ ጎረቤት ሰፈር ይሸሻል" ለሚሉ ደግሞ የአውስትራሊያዋን ኒውካስልን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ይሠሩ የነበሩ 14 መጠጥ ቤቶች በ9 ሰዓት እንዲዘጉ ተወሰነ። ባለቤቶቹ ተከራክረው 9 ሰዓት ተኩል ሆነ። ከ7 ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ውስጥ ያለው ይጠጣል፣ ከውጭ ግን አዲስ ሰው አይገባም። ጎረቤት ካለው ሃሚልተን ሰፈር ጋር ሲነጻጸር የሌሊት ድብደባ 37 በመቶ ቀነሰ። ጠቡ ወደ ሃሚልተን እንደተሻገረ የሚያሳይ ነገርም አልተገኘም። "አዲስ ሰው አይገባም" የሚለውን ደንብ እኛም ብንይዘው ደስ ይለኛል። ከላይ እንዳልኩት ብዙውን ጊዜ ጠብ ይዞ የሚመጣው ሌላ ቤት ጠጥቶ የመጣው ነው።

ኖርዌይ ውስጥ በ18 ከተሞች የተደረገ ጥናትም አለ። የመዝጊያ ሰዓት በአንድ ሰዓት ሲራዘም የሌሊት ድብደባ በ16 በመቶ ገደማ ይጨምራል ይላል።

በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ያኔ ብዙ ተከራከርን፣ ጥሩም ነበር። ስለ ሰዓት ግን እንደዚያ ያለ ክርክር አልሰማሁም። ጋዜጣችሁ ቢጀምረው ምን አለበት?

ገቢ ይቀንሳል፣ አልክድም። ሌሊት የሚጠጣ ሰው ብዙ ያዛል። ግን የሚሰበረውን ብርጭቆ፣ ሳይከፈል የሚቀረውን ሂሳብ፣ ጠብ ፈርቶ የቀረውን ደህና ደንበኛም መቁጠር አለብን። ከሁሉ በላይ አስተናጋጆቻችን አሉ። ሌሊት 8 ሰዓት ወጥተው፣ ታክሲ በሌለበት፣ እዚያው ሲጠጣ ያመሸ ሰው እየተከተላቸው ቤታቸው የሚገቡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በጊዜ ብንዘጋ መጀመሪያ የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው። ስለ ሰዓቱ ስብሰባ ከተጠራም ከባለቤቶች እኩል እነሱም ይጠሩ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ አዲስ ሰው አይግባ፣ 6 ሰዓት ላይ ሁላችንም እንዝጋ። ይህ አይሆንም የሚል የሙያ ባልደረባ ካለ የራሱን ሰዓት ከነምክንያቱ እዚሁ ጋዜጣ ላይ ይጻፍ። አነባለሁ፣ እመልሳለሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
የግሮሰሪ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ