የልጅሽን ትምህርት ቤት በተመለከተ

ለውድ ልጄ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። እናትሽም ልጅሽም እኔም በአላህ ፈቃድ ደህና ነን። ልጅሽን በመጪው መስከረም አንደኛ ክፍል የት እናስገባት ብለሽ ላነሣሽው ጥያቄ በስልክ አጭር መልስ መስጠት ስላልወደድኩ፣ ያየሁትንና ያመዛዘንኩትን በጽሑፍ ላስረዳሽ ወሰንኩ። ከደመወዝሽ ቀንሰሽ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ለመላክ መቁረጥሽን አከብራለሁ፤ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ደክመሽ ያገኘሽው ገንዘብ ስለሆነም የሚውልበትን ቦታ በደንብ አጣርቼ ልነግርሽ ይገባኛል።

ያሰብሽውን የግል ትምህርት ቤት ሰኔ ላይ ትምህርት ሳይዘጋ ሄጄ አየሁት። ግቢው ንጹሕ ነው፣ በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ልጆች ከሠላሳ ብዙም አይበልጡም፣ መምህራኑም ሰዓታቸውን አክብረው ይገባሉ። ያሳሰበኝ የማስተማሪያው መንገድ ነው። ክልሉ በአማርኛ ካዘጋጃቸው መጻሕፍት ይልቅ ከውጭ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን ያስቀድማሉ። እዚያ 2ኛ ክፍል የጨረሰች የጎረቤታችን ልጅ መጽሐፏን ይዛ መጥታ አንድ ሙሉ ገጽ እንግሊዝኛ ሳትደናቀፍ አነበበችልኝ። ከገጹ መካከል አንድ መስመር በጣቴ አሳይቼ ከዚያ እንድትጀምር ስጠይቃት ግን፣ ዐይኗ መስመሩ ላይ ሳያርፍ እንደገና ከገጹ አናት ጀመረች፤ ያልተማሩትን ገጽ ስገልጥላት ደግሞ ዝም አለች። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ገጹን በሙሉ በቃሏ ይዛዋለች። ማንበብን ግን ያስተማራት የለም፣ ወላጆቿም በየወሩ የሚከፍሉት እያነበበች መስሏቸው ነው።

ከቤታችን በእግር የሚደረሰው የመንግሥት ትምህርት ቤትም ቢሆን እንድትመኪበት አልነግርሽም። በአንደኛ ክፍል ከስድሳ በላይ ልጆች ይታጨቃሉ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፣ አንዱን መጽሐፍ ለሁለትና ለሦስት ይጋራሉ። የመምህሩ ደመወዝ ከወር ወር ስለማያደርሰው ሌላ ሥራ ደርቦ የሚሮጠው ብዙ ነው፤ ዕድሜዬን በዚህ ሙያ ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ አልፈርድበትም፣ ልጆቹ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን አያለሁ። ከዚያው የሚማር አንድ ልጅ ፊደል ገበታ ፊት አቁሜው ነበር። ከ«ሀ» ጀምሮ እስከ «ፐ» በዜማ አወረደው። «ሼ»ን ለብቻዋ ሳሳየው ግን ከ«ሸ» ተነሥቶ ካልቆጠረ ማን እንደሆነች ሊነግረኝ አልቻለም።

ይህ የደሴ ችግር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው አገር ሲደነግጥ፣ እኔ ያሰብኩት እነዚያን የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ነው። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ማለቱ ደግ ነው፤ ቢሆንም በጀማሪ ክፍል ያልተያዘ ንባብ በኋላ በየትምህርቱ ዕዳ ሆኖ ይከተላል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የተደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጅ ያነበበውን ቃል ትርጉም ቀድሞ በጆሮው ካላወቀው፣ ድምፁን ቢያወጣው እንኳ የሚይዘው ነገር የለም።

አዲስ አበባ አክስትሽ ዘንድ ትሂድ የሚለውን ሐሳብ አልተቀበልኩትም። እናቷ በሩቅ ያለች ልጅ አሁን ደግሞ ከእኛ ልትለይ አይገባም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፣ ከነጉድለቱም ቢሆን የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ትግባና ማታ ማታ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል እኔ ራሴ ላስተምራት የሚል ነው። የሚያበረታኝ አንድ ነገር አለ፤ አንደኛ ክፍልን የያዙት መምህርት ነባር ናቸው፣ ልጆቹን በየስማቸው እየጠሩ ሰሌዳ ላይ ሲያወጡ በመስኮት ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ፊደሉን ከተራው እያወጣሁ፣ እንደ «ቡና»፣ «ላም»፣ «ውሃ» ካሉ ከምታውቃቸው ቃላት ጋር እያያያዝኩ አስይዛታለሁ፤ እንግሊዝኛውንም በየጥቂቱ አለማምዳታለሁ። ከሰዓት በኋላ ቁርኣን መቅራቷንም አታቋርጥም፤ ኡስታዟ ሐርፎቹን፣ ማለትም የዐረብኛ ፊደላቱን፣ አንድ በአንድ እየለየች እንድታወጣ ስላስለመዷት ጆሮዋ ሠልቷል፣ ይህም ለአማርኛው ይረዳታል።

ለክፍያ ያሰብሽውን ገንዘብ በስሟ ባንክ አስቀምጪው። ከፍ ስትልና የሂሳብና የሳይንስ ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ጥሩ መምህር መቅጠርም ሆነ የተሻለ ትምህርት ቤት ማዛወር ያን ጊዜ ይበልጥ ያስፈልጋታል። ዕድሜዬ እንደገፋ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ጤናዬ ካላገዘኝ ዕቅዱ ይፈርሳል ብለሽ ብትሰጊ ስጋትሽ ተገቢ ነው። ለዚህም የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲያልቅ አይታው የማታውቀውን አጭር ምንባብ ሰጥቼ እፈትናታለሁ። አንብባ ምን እንደሚል በራሷ አነጋገር ልትነግረኝ ካልቻለች፣ ያለ ክርክር ወደ መረጥሽው ትምህርት ቤት እናዛውራታለን።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እስካሁን በድምፅ የምትልኪላትን መልእክት፣ ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን በአማርኛ ጽፈሽ ላኪላት፤ ሁለት ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የእናቷን ቃል ለማወቅ ስትል የምታደርገውን ጥረት እኔ በምንም ማስተማሪያ ላመጣው አልችልም።

ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስለሚጀመር መልስሽን ከዚያ በፊት እጠብቃለሁ። የልጅቱ እናት አንቺ ነሽ፤ አሁንም የግሉን ከመረጥሽ ሄጄ አስመዘግባታለሁ፣ የማታው ትምህርት ግን በዚያም ቢሆን አይቀርም።

አባትሽ
ደሴ