ልደት የማይጠብቅ ኬክ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሚሚዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጥር ገብቶ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብርዱ ብሶበታል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ኬክ ነው። ሰሞኑን ቸኮሌት ኬክ አምሮኝ አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር። አምሮቱ የመጣው ረቡዕ ሥራ ላይ ነው። ጾም ስለሆነ ታገስኩ። ሐሙስ ማታ ግን ካፖርቴን እንዳወለቅኩ ወደ ኦቨኑ ነው የሄድኩት። ገዝቼ መብላት እችል ነበር። ግን እዚህ ሱቅ ያገኘሁት ሁሉ ክሬሙ ስኳር ስኳር ይላል፣ ቸኮሌቱ አይታወቅም። እኔ ያማረኝ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ሹካ ላይ የሚጣበቀው ዓይነት ነው።

ዋናው ነገር ቡናው ነው። እማዬ ቆልታ ከላከችልኝ ቡና ወፈር አድርጌ አፈላሁና ትኩሱን ኮኮዋው ላይ አፈሰስኩበት። ትኩስ ነገር ሲነካው የኮኮዋው ሽታ ይነሳል፤ ቤቱ በሙሉ ታወደ። ኬኩ ቡና ቡና አይልም፣ አትስጊ። ቸኮሌቱን ነው የሚያጎላው። ከዚያ አሬራ ጨመርኩ። እዚህ አሬራ በካርቶን ይሸጣል። ኮምጣጣነቱ ከቤኪንግ ሶዳው ጋር ሲገናኝ አረፋ ይፈጥራል፤ ኬኩን የሚያነሳው እሱ ነው።

ልኩን ያዢ። 220 ግራም ዱቄት፣ 70 ግራም ኮኮዋ፣ 2 እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ 1 ኩባያ አሬራ፣ 1 ኩባያ ቡና፣ ትንሽ ጨው። እንቁላሉን ቡናው በረድ ሲል ጨምሪ። ሊጡ ቀጠነ ብለሽ ደግሞ ዱቄት እንዳትጨምሪበት። መቅጠን አለበት።

ስኳሩና ሶዳው ላይ ግን የእኔን ልክ አትከተዪ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ኬኩ ቶሎ ይነፋና ሳይበስል መሃሉ ይሰምጣል። የሰፈራችን እናቶች ኬካቸው መሃሉ ጎድጉዶ ሲወጣ እጃቸውን ይረግሙ ነበር። ጥፋቱ የእጃቸው አልነበረም። እኔ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ሶዳ ነው ያደረግኩት፣ አንቺ በግማሽ ቀንሺው። ስኳሩን ከእኔ 350 ግራም ወደ 300 አውርጂ። አሬራውን ከልኩ ትንሽ ጨመር አድርጊበት፣ እርጥበቱ እዚያ ቶሎ ይተናል። ኦቨኑን እኔ 175 ዲግሪ አደረግኩት፣ ለአንቺ 185 ይሁን። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ስንጥር ሰክተሽ እዪው። መብራት እንዳይሄድብሽ ጠዋት በጊዜ ጀምሪ።

ለላዩ 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ከትፊ። ያንኑ ያህል የወተት ክሬም አሙቂና ጠርዙ ላይ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ቸኮሌቱ ላይ ድፊው። ትንሽ ተይውና ከመሃል ጀምረሽ በቀስታ አማስይው። እየጠቆረ፣ እያንጸባረቀ ይመጣል። የቀዘቀዘው ኬክ ላይ ስታፈሺው በጎን በጎኑ ቀስ እያለ ይወርዳል። እኔ እስኪረጋ አልጠበቅኩም። ቆሜ ቆርሼ በላሁ። አምሮቴን ተወጣሁ ሚሚዬ!

እኛ ቤት ኬክ የልደት ነበር፣ ወይ የምርቃት። እማዬ ለሁላችንም አዳርሳ እሷ ፍርፋሪውን ትለቅም ነበር። «እኔ ጣፋጭ አልወድም» ስትለን አምነናት ነው ያደግነው። ባለፈው በስልክ ስለዚህ ኬክ ሳወራት ግን፣ ክሬሙ ከምንድነው፣ ስንት እንቁላል ይገባበታል፣ ለስላሳ ነው ወይ እያለች አላስወራ አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። እና እባክሽ የማንንም ልደት አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ጋግሪላት። መጀመሪያ የሚቆረሰው፣ ትልቁ፣ ቸኮሌቱ የበዛበት የእሷ ይሁን። ለልጆቹ አሳልፋ ልትሰጥ ስትል እሺ እንዳትዪያት።

ጾም ሲሆን እንቁላሉንና አሬራውን ተይና በውሃ ጋግሪው። አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ብትጨምሪ የአሬራውን ሥራ ይሠራልሻል። ላዩን ባዶውን ተይው፣ ያለ ክሬምም ይጥማል።

ኮኮዋና ቸኮሌት ለመንገደኛ ሰጥቼ ልኬልሻለሁ። ሲደርስሽ ደውይልኝ። ጋግረሽ እሷ ስትበላ ደግሞ በቪዲዮ አሳዪኝ። ሁላችሁም ናፍቃችሁኛል።

የምትወድሽ እህትሽ